ወራጅ የሌለው ሚኒባስ

ሚኒባሶች ሹፌር ካጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ረዳት ግን አላጡም። በመጀመሪያው ሰሞን ሁለቱንም አሰናብተዋቸው ነበር። ሚኒባሱ ራሱን እየነዳ፣ ሒሳቡን ራሱ እየቆረጠ፣ በሩን ራሱ እየከፈተና እየዘጋ ሁለት ክረምት ባዶውን ተመላለሰ። የሐይቅ ዳር ሰው ካልጮኹለት አይሳፈርማ። ዝም ብሎ መጥቶ ዝም ብሎ በሩን የሚከፍት መኪና ምን እንዳሰበ አይታወቅም ብሎ በእግሩ ሄደ። ኋላ መንግሥት አጥንቶ አጥንቶ ረዳቶቹን መለሰ። ሹፌሮቹ እንደወጡ ቀሩ።

ሻሌ ከተመለሱት አንዱ ነው። ሃምሳን አልፎ፣ ሆዱ ከቀበቶው ቀድሞ፣ ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ መንቋቋት ጀምሯል፤ ጉሮሮው ብቻ እንደ ድሮው ነው። ኪሱ ቆሎ አያጣም። ሥራው ሁለት ነገር ነው፤ መጥራትና በሩ ላይ መቆም። ማስቆም አይችልም። ረዳት ለወዳጁ እያስቆመ መስመር ያበላሻል ተብሎ፣ ሚኒባሱ የእሱን ድምፅ እንዳይሰማ ተደርጓል። የሚቆመው ተሳፋሪው በገዛ አፉ «ወራጅ አለ» ሲል ብቻ ነው።

«አንተማ ትልቅ ሰው ነህ» ትለው ነበር ጎረቤቱ እትዬ ሶርሴ፣ ጠዋት ጠዋት ቅርጫቷን አቅፋ ስትሳፈር። «ቀኑን ሙሉ ትጮሃለህ፣ መኪናህ እንኳ አይሰማህም። ሚስት ብታገባ አይከብድህም ነበር።»

መስመሩ ከደንገል ሰፈር ተነሥቶ፣ የኦልጌን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዞ፣ መታሰቢያው በር ላይ ያበቃል። መታሰቢያው የድሮው አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። በሁለት ሺህ ሠላሳዎቹ የኦልጌን ሕዝብ ከሐይቁ ሲያነሡ፣ ልጆቹን ከእናቶቻቸው ነጥለው ያስገቡበት። እዚያ ስማቸውን ቀየሩላቸው፤ ቋንቋቸውን በአለንጋ አስረሷቸው፤ የሞተውን ከግቢው ጀርባ ቀበሩት። ሰባ ዓመት አለፈ። መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ። ከልቡ ነው የጠየቀው፤ ይህን ሻሌም አይጠራጠርም። የእርቅ ቢሮ ተቋቋመ። የልጆቹ አልጋዎች ተጠግነው በየቦታቸው ተመለሱ፤ ደወሉ ተወለወለ፤ በየሰፈሩ ድምፅ ያለው ምሰሶ ተተከለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ምሰሶዎቹ ያልተመለሱትን ልጆች በስማቸው ይጠራሉ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ከስሙ ነው።

ኦልጌዎች ለልጅ ሁለት ስም ያወጣሉ። አንዱ የሰፈር ነው፤ ለማኩረፊያም ለመላላኪያም የሚሆን። ሁለተኛው የውሃ ስም ይባላል። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐይቅ ሲነካ እናቱ በጆሮው ታንሾካሹክለታለች፤ ከዚያ ወዲያ ለሚጠራ ካልሆነ ለማንም አይነገርም። ልጅ ርቆ የሄደ እንደሆነ እናቱ ፀሐይ ስትጠልቅ እግሯን ውሃ ውስጥ አድርጋ በውሃ ስሙ ትጠራዋለች። የተጠራ ልጅ የያዘውን ጥሎ ይነሣል። ሲመጣ ከእጇ ታጎርሰዋለች፤ ያን ጊዜ ደረሰ ይባላል። ሳይጠራ በራሱ እግር የመጣ ልጅ ግን፣ አግብቶ ወልዶ ፀጉሩ ቢሸብትም፣ አልደረሰም። ገና መንገድ ላይ ነው።

የሻሌ እናት ተዋበች እንዲህ ናት። ተዋበች ትምህርት ቤቱ ያወጣላት ስም ነው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ስትወጣ እናቷ ሞታ ቆየቻት፤ የሚጠራት አልነበረም። ስለዚህ ቤት ውስጥ የምትቀመጠው ሁልጊዜ ደጃፉ አጠገብ ነው። «ወደ ውስጥ ግቢ እንጂ እማ፣ ብርድ ነው» ሲላት «እስክደርስ ነዋ» ትላለች። ለቅሶም ሰርግም አርፍዳ ስትሄድ ምክንያቷ ይኸው ነው። «ሰባ ዓመት መንገድ ላይ ያለ ሰው፣ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ምን ይባላል?»

የቢሮው ልጆች ስም ሊሰበስቡ ሲመጡ በጣም ትሑቶች ነበሩ። ደጃፍ ላይ ጫማቸውን አወለቁ፤ የቀረበላቸውን በሉ፤ በየሽማግሌው ፊት ተንበርክከው ጠየቁ። «ከትምህርት ቤቱ ያልተመለሱት ልጆች እነማን ናቸው? በውሃ ስማቸው እንድንጠራቸው።»

ሽማግሌዎቹ አሰቡ። የሌላ ሰው የውሃ ስም አያውቁም። የሚያውቁት አንድ ብቻ ነው፤ ያ ልጅ ደግሞ በእርግጥ አልተመለሰም፤ ገና መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ፣ እያፈሩ፣ የገዛ ራሳቸውን ስም ተናገሩ። የቢሮው ልጆች የሙታን ስም የሰሙ መስሏቸው አለቀሱ።

ከዚያ የእናቶቹ ድምፅ ተሠራ። ከልጅ ልጆቻቸው ጉሮሮ ወደ ኋላ ተሰልቶ ነው አሉ። ምሰሶው ሲጠራ የብረት ድምፅ የለውም፤ አንዲት ሴት ከውሃ ማዶ ስትጣራ ነው የሚመስለው።

ከተጠሩት መጀመሪያ የሄደችው ሶርሴ ናት።

ሻሌ የዚያን ቀን የሆነውን ሲያስብ የሚከብደው መቀለዱ ነው። ያለ ቅርጫቷ፣ ያለ ጫማዋ ስትሳፈር አይቶ «ምነው እትዬ፣ ባል ጠራሽ እንዴ?» አላት። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ አለች። ሐይቁን በሙሉ ዞረው እስኪደርሱ «ወራጅ አለ» አላለችም። መታሰቢያው በር ሲከፈት ወርዳ ገባች።

በሳምንቱ ሊጠይቃት ሄደ። ግቢው ንጹሕ ነው፤ አበባ ተተክሏል። አስጎብኚዋ ወጣት በእግር ጣቷ እየተራመደች ወደ ረጅሙ መኝታ ቤት አስገባችው። ሶርሴ ከግድግዳው አጠገብ፣ በልጅ ልክ የተሠራች አልጋ ላይ ተቀምጣለች። እሱን ስታይ ብድግ አለች።

«እትዬ፣ ሻሌ ነኝ።»

«አለሁ» አለች በትምህርት ቤቱ አማርኛ፣ ቃሉን ረግጣ። ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ወደ እሱ ዘረጋች፤ ጣቶቿን ፈልቀቅ አድርጋ፣ ጥፍሯን ወደ ላይ። ቆሻሻ አለመኖሩን እንዲያይላት። አላየሁም ብሎ ቢዞርም አላወረደችም። አስጎብኚዋ «በቃ፣ ንጹሕ ነው» እስክትላት ድረስ እጆቿ አየር ላይ ቆዩ።

ጎብኚዎች ከኋላው ያለቅሱ ነበር። እውነተኛ ልቅሶ ነው።

ሻሌ ከዚያ በቀጥታ ቢሮው ገባ። ያነጋገረችው ወይዘሪት ህላዌ የምትባል ደግ ልጅ ናት፤ ወንበር ሳበችለት፤ ውሃ ቀዳችለት።

«ስሙ የሕያዋን ነው እኮ፣ እመቤቴ» አላት። «ተሳስታችኋል። የሞቱ አይደሉም።»

«አሁን ደርሰንበታል ጋሼ» አለች። «በጣም አዝነናል።»

«እንግዲያው አውጡት።»

ህላዌ አቀረቀረች። «ጋሼ፣ የነዚህ ልጆች ስም አንዴ ተፍቋል። አሁን ደግሞ እኛ በእጃችን እንፋቅ? ሁለተኛ አንፍቅም ብለን ነው እኮ ቃል የገባነው። አንዴ የገባ ስም አይወጣም። ሕጉም አይፈቅድም።» የውሃውን ብርጭቆ ወደ እሱ አስጠግታ ጨመረች። «ደግሞ ማንም አስገድዶ አይወስዳቸውም። በራሳቸው ነው የሚመጡት። የመመለስ መብት አላቸው፤ ማስቀረት አይቻልም።»

ሞክረው ያዩ ነበሩ። ከሰፈሩ በላይ ያሉ ቤተሰቦች አባታቸው ሲጠራ በሩን ቆለፉበት። ሽማግሌው አልታገለም፤ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆመ። ምግብ ቢያቀርቡለት አላየውም፤ ቢያስቀምጡት ተነሣ። ቆሞ እንዳለ ነው ያረፈው። ከዚያ ወዲያ በደንገል ሰፈር በር የሚቆልፍ ጠፋ።

ያን ዕለት ሻሌ ቤቱ ሲገባ ተዋበች እንደ ልማዷ ደጃፉ ላይ ነበረች።

«እማ፣ አንቺም ሰጥተሻል?»

«ምኑን?»

«ስሙን ነዋ። ለቢሮው።»

«ጠየቁኝ። በሰው ፊት ልዋሽ?»

እግሯ ሥር ቁጭ አለ። «እንግዲያው ንገሪኝ። ሲጠሩት እንዳውቀው።»

«አይነገርም።»

«ለነሱ ነግረሻል እኮ።»

«እነሱ ሊጠሩኝ ነዋ» አለች። «አንተ ልጄ ነህ። ልጅ እናቱን አይጠራም፤ የጠራ ሰው እናት ይሆናል። ስትፈልግ አግባና የራስህን ልጅ ውለድ።» ከዚያ ፀጉሩን በጣቶቿ እያሻሸች፣ ቀስ ብላ፣ «የእናቴን ድምፅ ግን ረስቼዋለሁ» አለች። «አንዴ ብሰማው ደስ ይለኛል።»

ይህን ስትል ነው ሻሌ በእውነት የፈራው።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ሁሉ ለእሱ አንድ ሆነ። የመጨረሻው ጉዞ የሚነሣው ልክ ምሰሶው ሲጠራ ነው፤ ሚኒባሱ የሚቆመው ደግሞ ከቤቱ ፊት ለፊት ነው። በሩ ላይ እንደቆመ የገዛ ቤቱን ደጃፍ እያየ ያዳምጣል። ምሰሶው በምሽት ጥቂት ስሞችን ይጠራል፤ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ። አንዳንዱ ስም ማንም ሳይነሣ ያልፋል፤ ባለቤቱ ስሙን ከሰጠ በኋላ የሞተ ነው። ለዚያ ሰው ሻሌ በልቡ ይደሰታል፤ ኋላ ያፍራል። ስም ተጠርቶ የእሱ በር ካልተከፈተ ይተነፍሳል። ሲያልቅ ይጮሃል፤ «መታሰቢያ፣ መታሰቢያ፣ በሐይቅ ዳር!» የሚሳፈሩት ግን ሳይጮህላቸውም የሚመጡ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜው ሚኒባሱ ባዶ በሄደ ብሎ ተመኘ።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ምሽት ምሰሶው ጀመረ። የመጀመሪያው ስም ተጠራ፤ ማንም አልወጣም። ከዚያ ሌላ ሴት፣ ወጣት ሴት፣ ከውሃ ማዶ እንደሆነች ሁሉ ድምጿን አስረዝማ ተጣራች።

«ኢ—ሎሌ። ኢ—ሎሌ። ነይ እናቴ።»

በሩ ተከፈተ።

ተዋበች ያለ ምርኩዟ ወጣች። ነጠላዋ አንድ ትከሻዋ ላይ ብቻ ነው። በአጭር በአጭሩ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች፣ ልጅ ተልኮ ሲመለስ እንደሚሄደው መንገዱን ተሻገረች። ምሰሶው «ዋሹሜ» አለ፤ ልብስ ሰፊው አባ ሎንሴ መቀሱን እንደያዘ ከሱቁ ብቅ አለ። «ቱርቤ» አለ፤ ከጥጉ ቤት አንዲት ጎባጣ አሮጊት ወጣች። ሻሌ ይህን የሰማው በግማሽ ጆሮው ነው። በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ እናቱን ገጥሟት ነበር።

«እማ። እኔን እይኝ።»

«ረዳት» አለ ሚኒባሱ በለስላሳ ድምፁ፣ «መንገድ ይልቀቁ። የመመለስ መብት የተጠበቀ ነው።»

ምሰሶው አምስተኛውን ስም ጠራ። ሻሌ አልሰማውም። እናቱ ቀና ብላ አይታው ነበር፤ ዓይኗ ውስጥ እሱ የለም።

«ይቅርታ ጋሼ» አለችው። «ልለፍ። እንዳልቀጣ።»

እጁ በራሱ ወረደ።

እሷ ገባች፤ አባ ሎንሴ ገባ፤ ጎባጣዋ ገባች፤ በመጨረሻ ገበያው በር ላይ እንቁላል የምትሸጠው ሴትዮ ገባች። በሩ ተዘጋ። አራቱም የወንበሩ ጠርዝ ላይ፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ። ሻሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ ሚኒባሱ ተነሣ።

«እማ፣ ወራጅ አለ በይ» አላት አጠገቧ ተንበርክኮ። «ሁለት ቃል ነው። ወራጅ አለ።»

ከንፈሯ እንኳ አልተነቃነቀም። ወደ ጣሪያው አንጋጦ እሱ ራሱ «ወራጅ አለ» አለ። «ወራጅ አለ፣ ወራጅ አለ።» ሚኒባሱ አልሰማውም። እንደማይሰማው ሃያ ጊዜ ነግረውታል፤ ግን ሰው ነውና ሞከረ።

ሐይቁ በየዓመቱ ይሞላል። ክረምት ሲገባ ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ያለው መንገድ በውሃ ይዋጣል፤ ሚኒባሱ እዚያ ሲደርስ ውሃውን እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ እየቀደደ፣ በሰው እርምጃ ልክ ነው የሚያልፈው። ያ ዝርግ ውሃ በመስኮቱ ሲታይ ሻሌ አንድ ነገር አሰበ። በኦልጌ ሕግ ልጅ እናቱን መጥራት ማለት እናቴን በቁሟ ቀበርኩ ብሎ ሰፈር ውስጥ እንደማወጅ ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ስም ሲነሣ ሰምቶ አያውቅም። በሩን ገፋ፤ ለረዳት ይከፈታልና ተከፈተ። ወረደ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን አለፈ፤ ቀዘቀዘው።

ከመስኮቷ ጎን ጎን እየሄደ ጠራት። «ኢሎሌ።»

ድምፁ ተሰነጠቀ። ሰው ሲለምን የሚያወጣው ድምፅ ነበር። ተዋበች ፊት ለፊት እያየች ነው። እንደገና ጠራ። ምንም። የመንገዱ ውሃ ያልቃል፤ ከዚያ ሚኒባሱ ይሮጣል፤ ከዚያ ትንሿ አልጋ ናት፣ ከዚያ የተዘረጉ ጣቶች ናቸው። ትንፋሹን ሰበሰበና እንዴት እንደሚጠሩ ማሰቡን ተወ። ጉሮሮው የሚያውቀውን ሠራ፤ የሠላሳ ዓመቱን።

«ኢሎሌ፣ ኢሎሌ፣ ኢሎሌ! በሐይቅ ዳር፣ ቤት! ኢሎሌ፣ አንድ ሰው የቀረው፣ አንድ ሰው!»

ተዋበች ዞረች። ግንባሯን ሰበሰበች፤ ያን የገበያ ቀን ፊቷን፣ በዚያ ጩኸት ለስንት ዓመት ከቀትር እንቅልፏ የተቀሰቀሰችበትን። አየችው። ውሃውን አየች። እግሩን ውሃው ውስጥ አየች።

«ወራጅ አለ» አለች።

ሚኒባሱ ቆመ።

«ወራጅ አለ ብያለሁ፤ ደንቆሮ ነው እንዴ ይሄ መኪና?» እያለች እየተደገፈች ወረደች፤ ውሃው እስከ ባቷ ደረሰ። ሻሌ ኪሱን ዳበሰ። ያለው እሱው ነው። አንድ ፍሬ ቆሎ አውጥቶ አፏ ውስጥ አደረገላት።

«ጥርስ ለሌላት ሴት ቆሎ» አለች። ፍሬዋን ጉንጯ ውስጥ አዛወረቻት፤ አልተፋቻትም። «እንግዲህ ደረስኩ። ደንቆሮ እናት አገኘሁ።»

ከላይ ሦስቱ እያዩት ነበር። ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረዋል።

«ዋሹሜ!» አለ ሻሌ። «ዋሹሜ፣ ቤት! ቱርቤ፣ ቱርቤ፣ አንድ ሰው የቀረው!»

«ወራጅ አለ» አለ አባ ሎንሴ፣ መቀሱን እንደጨበጠ። ጎባጣዋም ሳትናገር ከኋላው ተከተለች፤ ደረጃው ላይ ስትደርስ ብቻ እንደ ልጅ በሹክሹክታ «ወራጅ አለ» አለች። ሻሌ ለሁለቱም ከቆሎው አጎረሳቸው። እናት የሆነው ዘግይቶ ነው፤ ልጆቹም ሁሉም ከእሱ ይበልጣሉ።

እንቁላል ሻጯ ቀረች። ከመቀመጫዋ ተነሥታ በሩ ጋ ደርሳለች። ትጠብቃለች።

ሻሌ አፉን ከፈተ፤ የሚጠራው አልነበረም። አምስተኛው ስም ሲጠራ እሱ እናቱን ይዞ ነበር።

«እናንተ፣ የእሷን የሰማ አለ?»

አባ ሎንሴ ራሱን ነቀነቀ። «የራሱን የሰማ የሌላ አይሰማም።»

«ረዳት» አለ ሚኒባሱ፣ «መስመሩ ዘግይቷል።»

በሩ ተዘጋ። ሻሌ መዳፉን መስተዋቱ ላይ ጥሎ አብሮ ሄደ፤ ከዚያ አብሮ ሮጠ። በአፉ የመጣለትን ሁሉ ጠራ፤ የሰው ስም፣ የፌርማታ ስም፣ «እንቁላል» እንኳ አለ። መንገዱ ከውሃው ወጣ። ሴትዮዋ በመስኮቱ እያየችው እጆቿን አነሣች፤ ጣቶቿን ዘረጋች፤ ጥፍሯን አሳየችው። ሚኒባሱ ታጠፈ።

ሲመለስ ሦስቱ አሁንም ውሃው ውስጥ ነበሩ። ተዋበች ቆሎዋን በድዷ እየፈጨች ነበር።

«ቢራሬ» አለች።

«ምን?»

«ስሟ ነው። እዚያ ጎኔ ነበር አልጋዋ። መብራት ሲጠፋ የእናቷን ድምፅ እያስመሰለች ራሷን ትጠራ ነበር። ሁላችንም አልሰማንም ብለን እንተኛለን።» ወደ መንገዱ ማዶ አየች፤ መታሰቢያው ወዳለበት፤ ደወሉ ተደውሎ አበቃ። «አሁን ነው ትዝ ያለኝ። እዚያ መኪና ውስጥ ሆኜ ትዝ አላለኝም።»

ነገ ይኸው መስመር ነው። ሻሌ ትንሿን አልጋ አሰበ፤ ሶርሴን አሰበ፣ ስሟን የሰማበትን ምሽት፤ ያን ስም ያስታውሰዋል።

«ሐይቁ የትምህርት ቤቱ በር ደርሷል?» አለችው እናቱ።

«አልደረሰም። ብዙ ይቀረዋል።»

ክንዱን ያዘችና ወደ ደረቁ መሬት መራመድ ጀመረች። «እንግዲያው ጀሪካን ፈልግ» አለች። «ውሃውን ይዘንላቸው እንሄዳለን።»